የዌብ ሶፍትዌር እርከኖችን በፕሮጀክት መለየት፦ ካቡ የት ይካብ?

አንድ የዌብ ሶፍትዌር በስንት ፕሮጀክት መከፈል አለበት ብለው የሚጠይቁኝ ወጣት ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን መልሼ የምጠይቃቸው ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ ነው። የወሎ ገበሬ በተዳፋት ማሳው ላይ እርከን ሲሠራ ካቡን በእኩል ርቀት አይደረድርም፤ መሬቱ ቀጥ ባለበት ያቀራርበዋል፣ ለጥ ባለበት ያራርቀዋል፣ ውሃ በማይወርድበት ደግሞ ድንጋይ አያባክንም። በሥራ ቦታ ሌየር እያልን የምንጠራውን ነገር በዚህ ጽሑፍ እርከን የምለው ቃሉ ይህን የገበሬ ልማድ ስለሚያስታውሰኝ ነው።

በሶፍትዌር ሥራ ጎርፉ ለውጥ ነው። የገጹ መልክ በየወሩ ይለወጣል፤ ዳታቤዙ ወይም የክፍያ መንገዱ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ የንግዱ ሕግ፣ ማለትም ዱቤ ለማን እስከ ስንት ብር እንደሚሰጥ፣ ባለቤቱ ሲወስን ብቻ ይለወጣል። ካብ የሚያስፈልገው ፍጥነታቸው የተለያየ እነዚህ ለውጦች አንዱ የሌላውን አፈር ጠርጎ እንዳይሄድ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። እርከን በኮዱ ውስጥ ያለ የኃላፊነት ክፍፍል ሲሆን ፕሮጀክት ደግሞ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የጻፍነውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው መሣሪያ፣ ለብቻው የሚገነባው ጥቅል ነው። እርከንን በፎልደር ብቻ መለየት ይቻላል፤ ነገር ግን ፎልደር ማንንም አይከለክልም፤ ዓርብ ማታ የቸኮለ ሰው ከገጹ ተነስቶ በቀጥታ ዳታቤዙን ቢጠራ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ፕሮጀክት ግን ሪፈረንስ (ሌላውን የመጥቀስ ፈቃድ) ካልተሰጠው የሌላውን ፕሮጀክት ክላስ (የኮድ አሃድ) በስም እንኳ አያውቀውም፤ ኮዱም አይገነባም። ስለዚህ አዲስ ፕሮጀክት የሚከፈተው ኮምፓይለሩ እንዲከለክልላችሁ የምትፈልጉት ነገር ሲኖር ነው፤ ዓላማው ፋይሎችን በመልክ በመልኩ ማስቀመጥ ከሆነ ፎልደር ይበቃል።

ይህን የተማርኩት በሐምሌ ነው። ቢሯችን ደሴ ሆኖ፣ ሀረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ላለ አንድ የእህል ጅምላ ነጋዴ የመጋዘን መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሠርተን ነበር። ጤፍና ማሽላ በኩንታል ይገባል፣ በኩንታል ይወጣል፣ ከፊሉ በጥሬ ገንዘብ ከፊሉ በዱቤ ይሸጣል። የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ ሪፖርቱ ሲወጣ ከመጋዘን ኃላፊው ደብተር ጋር በአንድ የጭነት መኪና ማሽላ ተበላለጠ። አዛውንቱ ኃላፊ ደብተራቸውን ገልጠው መስመሩን በጣታቸው እያሳዩን «አብሽር ልጄ፣ ይኼ መኪና የገባው ለሐምሌ 1 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ቆሜ ያስወረድኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። ሶፍትዌሩ ግን ሰኔ 30 ብሎ ከባለፈው ዓመት ጋር ደምሮታል። ሰርቨሩ ጊዜን የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እርሱም ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት (በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2፡00) በዚያ አቆጣጠር የቀደመው ቀን 23 ሰዓት ነው።

ስህተቱ በራሱ የአንድ መስመር ነበር። ያስደነገጠን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል የሚለውን ሕግ አራት ቦታ ተጽፎ ማግኘታችን ነው፦ በመመዝገቢያው ፎርም፣ በደረሰኝ ማተሚያው፣ በመጀመሪያው ገጽ ማጠቃለያና በሪፖርቱ የዳታቤዝ ጥያቄ ውስጥ። ሦስቱ 3 ሰዓቱን ይደምራሉ፤ አንዱ ረስቶታል። ከዚያ በኋላ የሠራነውን ማሸጋሸግ ነው እዚህ የምጽፈው። ምሳሌዎቹ በሲ ሻርፕ የፕሮግራም ቋንቋና በመሥሪያ መድረኩ በዶትኔት ለሚሠራ ሰው እንዲመቹ ተደርገዋል።

ከወረቀት መጀመር

ፕሮጀክት ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ሶፍትዌሩ የሚያውቃቸውን ውሳኔዎች በአማርኛ ዘርዝሩ፤ በእያንዳንዱ አጠገብም ይህን ውሳኔ የሚለውጠው ማን እንደሆነ ጻፉ። «የዱቤ ጣሪያ» ከሚለው አጠገብ ባለቤቱ፣ «የሠንጠረዡ ዓምድ ስም» ከሚለው አጠገብ እኛ፣ «የአዝራሩ ቀለም» ከሚለው አጠገብ የባለቤቱ ልጅ ይጻፋል (የእኛ ደንበኛ ልጅ በቀለም ላይ ጠንካራ አስተያየት ነበራት)። የሶፍትዌር ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ በፈረንጆቹ 1972 ባሳተመው ጥናት ያስተማረው ይህንኑ ነው፦ ፕሮግራም የሚከፋፈለው ሥራው በሚከናወንበት ቅደም ተከተል ሳይሆን፣ ሊለወጡ የሚችሉ ውሳኔዎችን እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው እንዲሸሽግ ተደርጎ ነው። የሶፍትዌር ባለሙያዎቹ አሊስቴር ኮክበርን በ2005፣ ጄፍሪ ፓሌርሞም በ2008 ያቀረቧቸው አደረጃጀቶች በሥዕል ይለያዩ እንጂ በዋናው ነገር ይስማማሉ፤ የንግዱ ሕግ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ዳታቤዙና ገጹ ወደ እርሱ ይመለከታሉ፣ እርሱ ግን ወደ ማንም አይመለከትም። እኛም ወረቀቱን አይተን አራት ፕሮጀክቶች ከፈትን፤ በዚህ ጽሑፍ እምብርት፣ ክንውን፣ ማኅደርና ገጽ እላቸዋለሁ።

እምብርት

ብዙ ሰው ዶሜይን የሚለው ይህ ፕሮጀክት ማንንም አይጠቅስም። ዳታቤዝ፣ ዌብ፣ የአጭር መልእክት አገልግሎት የሚባል ነገር አያውቅም። በውስጡ የሚኖሩት ኩንታል፣ ብር፣ ደንበኛ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ የበጀት ዓመት የሚባሉት የንግዱ ቃላትና ሕጎቻቸው ናቸው። ኩንታል 100 ኪሎ ግራም መሆኑን የሚያውቅ ክላስ አንድ ብቻ ይሁን። የብርንና የክብደትን መጠን ዴሲማል በሚባለው የቁጥር ዓይነት አስቀምጡ፤ ክፍልፋይን በግምት በሚይዘው ደብል በሚባለው ብታስቀምጡት 0.1 እና 0.2 ተደምረው 0.30000000000000004 ይሆናሉ፤ ይህ በአንድ ደረሰኝ ላይ ባይታይም በዓመቱ ድምር ላይ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ሊያጣላችሁ ይችላል። በነገራችን ላይ ሲ ሻርፕ የክላስን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። «ኩንታል» ብዬ ጽፌ ሠርቶልኛል፤ በየመስመሩ ኪቦርድ መቀያየሩ ስላሰለቸኝ ግን ተውኩት።

ቀንን በተመለከተ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ በእኛ አገር ሶፍትዌር ውስጥ ሕግ ወደ ሌሎች እርከኖች የሚሾልከው ከሁሉ በላይ በዚህ በር ስለሆነ። የዶትኔት መሠረታዊ ላይብረሪ የፋርስን፣ የዕብራውያንንና የታይላንድን የዘመን አቆጣጠሮች ሲይዝ የእኛን አልያዘም፤ ስለዚህ መቀየሪያውን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ ወይም ከሌላ ታመጣላችሁ። በሌላ በኩል ብሮውዘሮች ኢንትል በሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይችላሉ፤ ይህ ምቾት ባለሙያውን ሕጉንም እዚያው ገጹ ላይ እንዲጽፍ ይገፋፋዋል። ቀኑን «ሐምሌ 1 ቀን 2017» ብሎ ማሳየት የገጹ ሥራ ነው፤ ይህ ገቢ የየትኛው በጀት ዓመት ነው ብሎ መወሰን ግን የእምብርቱ ነው። በዚህ ምዕተ ዓመት ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል አንዳንዱ ቁጥሩን እንዳለ በየቦታው ይጽፈዋል፤ ይኸው ልማድ ወደ መስከረም ሲዛወር ይከዳል፣ መስከረም 1 በዓመቱ ላይ ተመሥርቶ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ ይውላልና።

በእምብርቱ ውስጥ «የበጀት ዓመት» የሚባል አንድ ክላስ አስቀምጡ፤ የሚቀበለውም ሰዓት የሌለውን ቀን ብቻ ይሁን። ከዶትኔት 6 ጀምሮ ለዚህ የሚሆን ዴት ኦንሊ የሚባል ዓይነት አለ። የሰርቨሩን ሰዓት ወደ እኛ ቀን የሚለውጠውም አንድ ቦታ ብቻ ይሁን፤ ኢትዮጵያ ሰዓቷን እንደ ወቅቱ ስለማትቀይር 3 ሰዓት መደመር ይበቃዋል። ከዚያ ቴስት፣ ማለትም ኮዱን በራሱ የሚፈትሽ ኮድ፣ ጻፉ። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ቀን ስለምትሆን አንዱ ቴስት ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ይቀበል፣ ሁለተኛው ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን አይቀበል፣ ሦስተኛው ያ የማሽላ መኪና በሐምሌ 1 መመዝገቡን ያረጋግጥ። እነዚህ ቴስቶች ዳታቤዝም ኔትወርክም አይሹም፤ መብራት በሌለበት ከሰዓት በላፕቶፕ ባትሪ በቅጽበት ይጠናቀቃሉ። እምብርቱ ማንንም አለመጥቀሱ በየዕለቱ የሚከፍላችሁ ትርፍ ይህ ነው።

ክንውንና ማኅደር

ክንውን እምብርቱን ብቻ ይጠቅሳል። በውስጡ ያለ እያንዳንዱ ክላስ አንድ ሰው በሶፍትዌሩ የሚሠራውን አንድ ሥራ ይወክላል፦ ገቢ መመዝገብ፣ በዱቤ መሸጥ፣ ዕዳ መቀበል። ማኅደር ደግሞ ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ፣ ኮዱን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን ኢንቲቲ ፍሬምወርክን፣ የአጭር መልእክት መላኪያውን የሚያውቀው ክፍል ነው። ጀማሪን የሚያደናግረው ክንውን ዳታቤዝ እየፈለገ ማኅደርን መጥቀስ አለመቻሉ ነው።

በዱቤ መሸጥን ተከትለን እንየው። ክንውኑ የደንበኛውን ቀሪ ዕዳ ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ «የዱቤ መዝገብ» የሚባል ኢንተርፌስ (የሚፈለገውን ሥራ ብቻ ዘርዝሮ አፈጻጸሙን ለሌላ የሚተው ውል) በራሱ ፕሮጀክት ውስጥ ይጽፋል፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፣ የዚህን ደንበኛ ሒሳብ አምጣልኝ እና ይህን አዲስ ዱቤ መዝግብልኝ። ማኅደር ክንውንን ይጠቅስና ይህን ኢንተርፌስ በፖስትግሬስ ይፈጽማል። ፕሮግራሙ ሲሠራ ጥሪው ከክንውን ወደ ማኅደር ይወርዳል፤ ሪፈረንሱ ግን ከማኅደር ወደ ክንውን ይወጣል። የኢንተርፌሱ ባለቤት ጠያቂው ክፍል እንጂ ፈጻሚው አይደለም፤ ይህን አንድ ነጥብ የተረዳ ሰው የቀረውን በራሱ ይደርስበታል። ሒሳቡ ከመጣ በኋላ ሽያጩ ጣሪያውን ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለውን የሚወስነው ክንውኑ አይደለም፤ ለእምብርቱ ደንበኛ አሳልፎ ይሰጠዋል፣ መልሱን ተቀብሎ ያስመዘግባል።

ኢንተርፌሱ ጠባብ ይሁን። ለሁሉም ሠንጠረዥ የሚያገለግል አንድ ሰፊ ኢንተርፌስ ጽፎ ኩዌሪየብል የሚባለውን ያልተፈጸመ የዳታቤዝ ጥያቄ መመለስ የተለመደ ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ይህ ካቡን ሠርቶ መሐሉ ላይ ቀዳዳ እንደመተው ነው፤ ጠሪው በጥያቄው ላይ የፈለገውን ማጣሪያ ስለሚጨምር የበጀት ዓመቱ ሕግ ተመልሶ በየገጹ ይበተናል።

እምብርቱ ብቻውን የማይችለውም ነገር አለ። ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች ለአንድ ደንበኛ በአንድ ቅጽበት በዱቤ ቢሸጡ ሁለቱም ያነበቡት ቀሪ ዕዳ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የእምብርቱ ሕግ ለሁለቱም «ይቻላል» ይላል፤ ጣሪያው ግን ይጣሳል። ይህን የሚጠብቀው ማኅደር ነው፦ በደንበኛው ሒሳብ መስመር ላይ የእትም ቁጥር ይቀመጣል፣ ኋላ የመጣው ጸሐፊ ቁጥሩ ተለውጦ ሲያገኘው ይመለሳል፣ ክንውኑም እንደገና አንብቦ ይሞክራል። ስለዚህ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ የሚጸድቅ ወይም አብሮ የሚሰረዝ የለውጦች ጥቅል) ወሰን ከአንድ ክንውን ወሰን ጋር እኩል ይሁን፤ ገጹ ትራንዛክሽን ከከፈተ ችግር ነው፤ ማኅደሩ በየሠንጠረዡ ለየብቻ ከዘጋም ችግር ነው።

ገጽ

ስለ ገጹ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥያቄ ይቀበላል፣ ክንውን ይጠራል፣ መልስ ያሳያል። አንድ ጥንቃቄ ግን አይታለፍ። ከፎርሙ የሚመጣውን መረጃ በቀጥታ በእምብርቱ ደንበኛ ወይም በሠንጠረዡ ክላስ አትቀበሉ። ስምና ስልክ ብቻ የሚያሳይ ፎርም ላይ አንድ ተንኮለኛ «የዱቤ ጣሪያ» የሚል ተጨማሪ መስክ ልኮ ፍሬምወርኩ (ሶፍትዌሩ የተሠራበት ማዕቀፍ) ራሱ ሊሞላለት ይችላል። በፈረንጆቹ መጋቢት 2012 ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ የታየው ክፍተት ከዚህ ዓይነት ነበር። ለእያንዳንዱ ፎርም የራሱን ትንሽ ክላስ ጻፉ፤ መደጋገም ቢመስልም በተለያየ ምክንያት የሚለወጡ ነገሮች ስለሆኑ መደጋገም አይደለም።

ገጹ ማኅደርንም መጥቀስ አለበት፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ኢንተርፌሶቹን ከፈጻሚዎቻቸው ጋር የሚያገናኘው እርሱ ነውና። ካቡ የሚፈርሰውም እዚህ ነው፤ ሪፈረንሱ አንዴ ከተሰጠ ማንኛውም ኮንትሮለር (የገጹን ጥያቄ የሚቀበል ክላስ) ዳታቤዙን ሊጠራ ይችላል። መፍትሔው በማኅደር ውስጥ ያሉትን ክላሶች ሁሉ ኢንተርናል (ከፕሮጀክቱ ውጭ የማይታዩ) ማድረግና ለውጭ የሚታይ አንድ የማስመዝገቢያ ሜተድ ብቻ መተው ነው። በአሁኑ ዶትኔት የፕሮጀክት ሪፈረንስ ተላላፊ መሆኑንም አስታውሱ፦ አንድን ፕሮጀክት ስትጠቅሱ እርሱ የጠቀሳቸው ሁሉ አብረው ይመጣሉ። የሚመጣውን ካልፈለጋችሁ በፕሮጀክቱ ፋይል ላይ መዝጋት ይቻላል፤ እኛ ግን ኢንተርናሉ በቅቶናል።

ሁለት ፕሮጀክቶች እርስ በርስ እንዲጠቃቀሱ ብትሞክሩ መሣሪያው እምቢ ይላል። ይህን ሲያይ ብዙ ሰው «የጋራ» የሚባል አምስተኛ ፕሮጀክት ከፍቶ የሚያስቸግረውን ክላስ ወደዚያ ይወረውረዋል። ከመወርወራችሁ በፊት ያ ክላስ ምን እንደሚወስን ጠይቁ፤ እንደኔ ልምድ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ወደ እምብርቱ መግባት የነበረበት ሕግ ነው፣ ወይ ከጠያቂው ዘንድ መጻፍ የነበረበት ኢንተርፌስ ነው።

መቼ አለመክፈል

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ጥፋቴን መናዘዝ አለብኝ። ከእህል ነጋዴው በኋላ ለሠራነው አነስተኛ የቀጠሮ መመዝገቢያ ካገኘሁት ትምህርት ሞቅታ የተነሳ 11 ፕሮጀክት ከፈትኩ። አንድ መስክ ለመጨመር ሰባት ፋይል መንካት ግድ ሆነ፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከሳምንት በኋላ ትርጉም የሌላቸው ኢንተርፌሶችን እያለፈ በጎን መሄድ ጀመረ፤ አልወቅሰውም። ያ ሶፍትዌር ከመመዝገብና ከማሳየት በቀር ሕግ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ለጥ ያለ መሬት ነበር። በኋላ ውስጣቸው በፎልደር የተለየ ሁለት ፕሮጀክቶች አድርጌ ሰበሰብኩት። አንድ ሰው ብቻ ለሚሠራው፣ ሕጉ ገና ላልጠራ ሥራ በፎልደር መጀመርና ሁለተኛ ሰው ሲመጣ ወይም አንድ ሕግ ሁለት ቦታ ተጽፎ ሲገኝ መክፈል ይሻላል።

ከአንድ በላይ ሶፍትዌር ሲሆን

ሁለተኛ ደንበኛ ሲመጣ የመጀመሪያውን እምብርት መገልበጥ ወይስ የጋራ ላይብረሪ ማድረግ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። የዘመን መቀየሪያው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ጳጉሜ ለማንም ደንበኛ ብላ አትለወጥም። ስለዚህ ለብቻው ጥቅል አድርጋችሁ፣ ባለ ሦስት ክፍል የእትም ቁጥር ሰጥታችሁ ተጋሩት። «ደንበኛ» የሚለው ክላስ ግን ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ አንድ አይደለም። የእህል ነጋዴው ደንበኛ የዱቤ ጣሪያና ተያዥ አለው፤ የሌላው ደንበኛ ምናልባት ስልክ ብቻ አለው። የጋራ ካደረጋችሁት ለአንዱ የተጨመረው መስክ በሌላው ላይ ባዶ ሆኖ ይንሳፈፋል፣ አንዱን ስታድሱ ሌላውን ትሰብራላችሁ። እኔ የንግድ ሕግን እስከ ሦስተኛው ጊዜ ድረስ መገልበጥን እመርጣለሁ፤ ሦስት ጊዜ ሳይለወጥ ከታየ ያኔ የጋራ ይሆናል።

በፒኤችፒው ላራቬል ወይም በፓይተኑ ጃንጎ የምትሠሩ አደረጃጀቱን እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ፤ የሚጎድላችሁ የኮምፓይለሩ ክልከላ ነው። በፒኤችፒ ዴፕትራክ፣ በፓይተን ኢምፖርት ሊንተር የተባሉት መሣሪያዎች የትኛው ፎልደር የትኛውን መጥቀስ እንደሚችል በፋይል ተጽፎላቸው የጣሰውን ይይዛሉ። ኮዱ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ ከመቀላቀሉ በፊት በራሳቸው እንዲሮጡ ካላደረጋችኋቸው ግን በሁለተኛው ወር ይረሳሉ።

ያለውን ኮድ ማሸጋሸግ

እየሠራ ያለን ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ አትፍረሱ። እኛ መጀመሪያ ባዶውን እምብርት ከፍተን የበጀት ዓመቱን ሕግ ብቻ ከቴስቱ ጋር አዛወርን፤ አራቱም ቦታዎች እርሱን እንዲጠሩ አድርገን ለደንበኛው አስረከብን። በሚቀጥለው ጊዜ በዱቤ መሸጥን ከነክንውኑ፣ ከዚያ ገቢ መመዝገብን አወጣን። ሕግ የሌለባቸውን ገጾች አልነካንም። ባለቤቱ በመሐሉ አዲስ ነገር ሲጠይቅ ሥራችንን አላቆምንም፤ የጠየቀው ነገር የሚነካውን ክፍል ቀድመን እናዛውረው ነበር።

ሪፖርቱን ግን ሆን ብዬ ከካቡ ውጭ ትቼዋለሁ። ሪፖርት ምንም አይለውጥም፤ ያነባል እንጂ። በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮችን የእምብርት ክላስ እያደረጉ ማንሳት ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ከማኅደር በቀጥታ በተጻፈ የዳታቤዝ ጥያቄ ይወጣል። የበጀት ዓመቱን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ብቻ ከእምብርቱ ጠይቆ ይወስዳል። በቀጣዩ ሐምሌ ሪፖርቱን አትመን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ አዛውንቱ የመጋዘን ኃላፊ መነጽራቸውን አድርገው ከደብተራቸው ጋር መስመር በመስመር አስተያዩት፤ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው፤ ያገኙት ልዩነትም የእኛ ሳይሆን የደብተራቸው የድምር ስህተት ነበር።